የቢልድ ሰርቨራችሁን ሳትሰብሩ እንዴት አፕግሬድ ታደርጋላችሁ?

«ደረሰኝ» አራት ፊደል ነው። አንድ ደንበኛ ይዞልን በመጣው ወረቀት ላይ ግን በዚያ ቃል ቦታ 12 የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው፤ አማርኛው ብቻ የለም። ፕሮግራሙን የጻፉት ልጆች ኮዱን ደጋግመው አዩት፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አንድም መስመር አልተነካም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነበር። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ሰርቨር ቅዳሜ ዕለት በአዲስ ተተክቷል። ሰርቨሩን የተካነው እኔና አንድ ባልደረባዬ ነን። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሲሆን፣ ማለትም ተሳክቷል ሲል፣ አይተን፣ ሥራው አለቀ ብለን ወደየቤታችን ገባን።

አራቱ ፊደል ለምን 12 ምልክት እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ብዙ ቡድን በሁለት ፍርሃት መካከል ተይዞ ስለማይ ነው፦ አፕግሬድ ቢያደርግ ሥራው እንዳይሰበር ይፈራል፣ ባያደርግ ደግሞ እንዳይዘረፍ። ሁለቱም ፍርሃት ምክንያት አለው።

ቢልድ ሰርቨር ምንድን ነው? ለምንስ ራሳችን እናስቀምጠዋለን?

ፕሮግራመር የሚጽፈው ኮድ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተርና ስልክ እንዳለ አይረዱትም፤ መተርጎም፣ መገጣጠምና መታሸግ አለበት። ይህ ሥራ ቢልድ ይባላል፤ የሚሠራበት ማሽን ደግሞ ቢልድ ሰርቨር። በውስጡ ብዙ መሣሪያ ተያይዞ ይሠራል፦ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር፣ ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው እንደ ማቨን ወይም ግሬድል ያለ መሣሪያ፣ ሥራውን በተራ የሚያዘው እንደ ጄንኪንስ ወይም ጊትላብ ያለ ተቆጣጣሪ፣ ከሁሉም ሥር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ይህን ሰንሰለት ቱልቼይን ይሉታል። ዲፔንደንሲ የሚባለው ደግሞ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ የእኛ ፕሮግራም ተደግፎት የሚቆመው ኮድ ነው። ፒዲኤፍ ለመሥራት ወይም ከዳታቤዝ ጋር ለመነጋገር ማንም ከዜሮ አይጀምርም፤ የተዘጋጀ ላይብረሪ ያወርዳል።

ይህን ሁሉ በወር ክፍያ ከውጭ አገር ድርጅት መከራየት ይቻላል። ክፍያው ግን በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሸክሙ ከብዷል። ኮዳቸው ከግቢ እንዳይወጣ የሚፈልጉ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ስለዚህ ሰርቨሩን ገዝቶ ራስ ማስተዳደር እዚህ አገር ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ኪራዩ ሲቀር የጥገናው ኃላፊነትም አብሮ ወደ እኛ ይዞራል።

እኔ ነገሩን ሳስረዳ እርሾን እጠቅሳለሁ። ከትናንቱ ሊጥ የተቀዳው እርሾ የዛሬውን ያቦካል፤ ከዛሬው ደግሞ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ጤፉ የቱንም ያህል የተበጠረ ቢሆን እርሾው ከተበላሸ እንጀራው አይሆንም፤ የሚቀጥለው ቡሖም እንዲሁ። ኮምፓይለርም ቃል በቃል እንዲህ ነው። ለምሳሌ ረስት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እያንዳንዱ አዲስ ኮምፓይለር የሚገነባው ከእሱ በፊት በነበረው ቨርዥን ነው።

«የሚሠራን ነገር አትንካ» አይሻልም?

ይህን የሚሉ ሰዎች ከልምድ ነው የሚናገሩት፤ አልንቃቸውም። ችግሩ እኛ ባንነካውም ዙሪያው መነካቱ ነው።

ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዓመታት የስንት ሰርቨር መሠረት ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 የድጋፍ ጊዜው አለቀ፤ ወዲያው ሶፍትዌር ያወርድባቸው የነበሩ አድራሻዎች መልስ መስጠት አቆሙ። ትናንት ያለ ችግር ይሠራ የነበረ ቢልድ፣ ማንም ሳይነካው፣ በማግስቱ ወደቀ። በዚያው ሲስተም ላይ ኖድ ጄኤስ 18ን፣ ማለትም የጃቫስክሪፕት ኮድ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ ለመጫን የሞከረ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ገጥሞታል፤ ኖድ 18 ግሊብሲ የሚባለውን መሠረታዊ ላይብረሪ ቢያንስ በ2.28 ቨርዥን ይፈልጋል፣ ሴንትኦኤስ 7 ያለው 2.17 ነው።

ከዚህ የሚከፋው ቀዳዳው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ጄንኪንስ ላይ የተገኘው ክፍተት የይለፍ ቃል የሌለው ሰው እንኳ ከሰርቨሩ ፋይሎች የተወሰኑ መስመሮችን እንዲያነብ፣ ጥቂት ፈቃድ ያለው ደግሞ ሙሉ ፋይል እንዲያነብ ያስችል ነበር። ማስተካከያው በ2.442 እና በረጅም ጊዜ ድጋፍ ባለው 2.426.3 ቨርዥን ወጣ። አፕግሬድ ያላደረገ ሰርቨር ቀዳዳው ለዓለም ተነግሮበት ክፍት ሆኖ ቀረ።

ሌባ ቢልድ ሰርቨርን ለምን ይፈልጋል? የሶላርዊንድስ ጉዳይ መልሱን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 እንደታወቀው፣ ሰርጎ ገቦች የዚህን የአሜሪካ ኩባንያ ቢልድ ሰርቨር ይዘው ኋላ ሳንስፖት የተባለ ፕሮግራም አስቀምጠውበት ነበር። ሳንስፖት አድፍጦ ይጠብቃል። ቢልድ ሲጀመር አንዱን የኮድ ፋይል በራሱ ፋይል ይተካል፤ ቢልዱ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ኮዱን የመረመረ ሰው ምንም አያገኝም፣ ኮዱ ንጹሕ ነውና። የተበከለው እርሾው ነው። የኩባንያው ሕጋዊ ፊርማ ያለበትን ያንን አፕዴት ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞች ተቀብለውታል።

ታዲያ አዲስ ቨርዥን በወጣበት ቀን እንጫን?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «አዲስ» እና «ደኅንነቱ የተጠበቀ» አንድ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ያገኘውን ነገር ይፋ አደረገ። ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶበት ነበር። ሌላው ሰው የሚያልፈውን ይህን መዘግየት ተከትሎ ሲቆፍር፣ ኤክስ ዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ የተቀበረ የኋላ በር አገኘ። የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ናቸው፤ ማለትም በዚያን ጊዜ ከሁሉ አዲሶቹ። ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ ቆይቶ አመኔታ ያተረፈ ነበር። ክፉውን ነገር ለመቀስቀስ የተጠቀመበት ደግሞ የቢልድ መመሪያው ነው። ዋናው የኮድ መዝገብ ላይ የማይታይ አንድ ፋይል፣ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ግን ተጨምሮ ነበር። ዴቢያን የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሙከራ ቅርንጫፉ ተበክሏል፤ ረግቶ የወጣው ቅርንጫፍ አልደረሰበትም።

እኔ የምከተለው ልማድ እንዲህ ነው። የታወቀ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ሲሆን በፍጥነት፣ ከተቻለ በዚያው ሳምንት። አዲስ አገልግሎት ብቻ የሚጨምር ከሆነ ግን ሌሎች እስኪቀምሱት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ቾክና ዲባግ የተባሉ እጅግ የተስፋፉ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ሲበከሉ ነገሩ የታወቀው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሁለት ቀን የጠበቀ ሰው ምንም አልነካውም። የኤክስ ዜዱ ግን ከአንድ ወር በላይ ተደብቆ ቆይቷል፤ ስለዚህ መጠበቅ የሚያስጥለው ከአንዱ ዓይነት አደጋ እንጂ ከሁሉም አይደለም።

ምን ምን እንዳለን በምን እናውቃለን?

«ሰርቨሩ ላይ ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቃሉ የሚመልስ ሰው ተጠራጠሩ። እኛ የመረጥነው ላይብረሪ ሌላ ላይብረሪ ይጠራል፣ ያም ሌላ። በስማቸው የምናውቃቸው 20 ቢሆኑ ከኋላቸው ተከትለው የገቡት ብዙ መቶ ሊሆኑ ይችላሉ። ሎግፎርጄ የተባለው፣ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝበት ዓለምን ያስጨነቀው ከጥገናው ይልቅ ፍለጋው ነበር። «እኛ አንጠቀምበትም» ያሉ ሰዎች ሌላ ላይብረሪ ይዞባቸው ገብቶ አገኙት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ የኮምፓይለሩን፣ የተቆጣጣሪውንና በእሱ ላይ የሚጨመረውን የእያንዳንዱን ተቀጥላ (ፕለጊን) ቨርዥን ጻፉ። አስተካክላችሁ የነበረውን የሲስተም ሴቲንግም ጻፉ፤ የእኛን ደረሰኝ ያበላሸው ይህን አለመጻፋችን ነው። ለዲፔንደንሲዎች ደግሞ ሎክ ፋይል የሚባል አለ። በአሁኑ ጊዜ የተወረደውን እያንዳንዱን ላይብረሪ ትክክለኛ ቨርዥን፣ ብዙውን ጊዜም ከይዘቱ የተሰላ የማረጋገጫ ቁጥር ይመዘግባል። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ቢልዱም ይቆማል። ይህ ፋይል ከኮዱ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት። ሎክ ፋይል የሌለው ፕሮጀክት ዛሬ እና ነገ ቢልድ ሲደረግ ሁለት የተለያየ ነገር ሊያወጣ ይችላል፤ አፕግሬድ ስታደርጉ የተለወጠው ሰርቨሩ ይሁን ላይብረሪው መለየት አትችሉም።

የወረደውን ደግሞ እጃችሁ ላይ አስቀሩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ብቻ ያለው ኮድ ባለቤቱ ኤንፒኤም ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች መጋዘን ሲያነሣው፣ በየአገሩ ታላላቅ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ ቢልድ ማድረግ አቅቷቸው ዋሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ መጋዘኑ ሳይነካ መንገዱ ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ላይብረሪ ከውጭ የሚያወርድ ቢልድ ሁሉ ቆሟል። እንደ ኔክሰስ ያለ የግል መጋዘን ቢሯችሁ ውስጥ ብታቆሙ አንድ ጊዜ የወረደው ሁሉ እዚያው ይቀራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ፣ የውጭው መጋዘን ሲዘጋ ሥራው ይቀጥላል። አፕግሬዱ ሳይሳካ ቀርቶ ወደ አሮጌው ስትመለሱም፣ አሮጌዎቹ ላይብረሪዎች ከውጭው ዓለም ቢጠፉ እንኳ እናንተ ጋ አሉ።

ባክአፕ አለን፤ ያ አይበቃም?

ባክአፕ እንዳለው ያወቀ ሰው ማለት ከባክአፑ አንድ ጊዜ አስነሥቶ ያየ ሰው ነው።

ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን በግልጽ ጽፎታል፤ እንዲህ በግልጽ መጻፋቸው ለሁላችንም ውለታ ነው። አንድ ሠራተኛ ሌሊት ላይ ተጠባባቂው ዳታቤዝ መስሎት ከዋናው ላይ ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ አጠፋ። ወደ ባክአፕ ሲሮጡ ባዶ ሆኖ አገኙት። ባክአፕ የሚያደርገው መሣሪያ ቨርዥን 9.2 ነበር፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6፤ ስለማይግባቡ መሣሪያው በየቀኑ ሲከሽፍ ኖሯል። ከሸፈ የሚለው ኢሜይልም መንገድ ላይ ተጥሎ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ልብ በሉ፣ ባክአፑን ያሳጣው አፕግሬድ ነው፦ ዳታቤዙ ሲያድግ የባክአፕ መሣሪያው ወደኋላ ቀረ።

ጊትላብን ራሳችሁ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር በተለይ ያዙ። የጊትላብ የባክአፕ ትእዛዝ ምስጢራዊ ቁልፎቹ ያሉበትን ፋይልና ዋናውን የሴቲንግ ፋይል ሆን ብሎ አይጨምርም። ለብቻቸው፣ በሌላ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ያለ ቁልፉ ፋይል ኮዱን ትመልሱታላችሁ፤ ተመስጥረው የተቀመጡት የይለፍ ቃሎችና ቶከኖች (ፕሮግራሞች እንደ ይለፍ ቃል የሚጠቀሙባቸው ኮዶች) ግን አይከፈቱም። ጄንኪንስም እንዲሁ ነው፤ «ሲክሬትስ» በሚባለው አቃፊ ያለው ዋና ቁልፍ ከጠፋ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች ትርጉም የሌለው ፊደል ሆነው ይቀራሉ።

የት እንሞክረው?

አዲስ ምጣድ በሠርግ ዋዜማ ተሟሽቶ ለሠርግ አይጣድበትም። ከዋናው ሰርቨር ቅጂ አውጡና ማሟሻው እዚያ ይሁን። ከባክአፑ ብታስነሡት ይመረጣል፤ በአንድ ድካም ባክአፑም ይፈተናል።

ቅጂውን ከማስነሣታችሁ በፊት ግን ወደ ውጭ የሚወጣበትን ኔትወርክ ዝጉ። ቅጂው ዋናውን በሁሉ ነገር ይመስላል፤ በሰዓት የተያዙ ሥራዎችም፣ የደንበኞች ሰርቨር ቁልፎችም አሉት። በሩን ሳትዘጉ ብታስነሡት «ሁለት ሰዓት ሆኗል» ብሎ ሙከራ ላይ ያለውን ነገር ለእውነተኛ ደንበኞች ይልከዋል። ይህን ማስጠንቀቂያ በብዙ መመሪያ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማደርገው እሱን ነው።

በየትኛው ቅደም ተከተል?

አንድ በአንድ። በአንድ ሌሊት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ጃቫውን፣ ጄንኪንሱንና 40 ፕለጊን ቀይሮ አንድ ነገር ሲሰበር የትኛው እንደሰበረው የሚያውቅ የለም።

የጄንኪንስን እንውሰድ። ጄንኪንስ ራሱ በጃቫ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ከወጣው 2.479.1 ጀምሮ የሚነሣው ቢያንስ ጃቫ 17 ካለ ነው። ጃቫ 11 ላይ ያለ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ቢዘል አይነሣለትም። በመካከል ያሉ እንደ 2.426 ያሉ ቨርዥኖች ግን ሁለቱንም ጃቫ ይቀበላሉ። ስለዚህ እዚያ ቆሞ መጀመሪያ ጃቫውን መቀየር፣ በሥራ የሚያግዙት ሌሎች ማሽኖች ካሉም የእነሱንም ጃቫ አብሮ መቀየር፣ ጥቂት ቀን ማየት፣ ከዚያ ጄንኪንሱን ማሳደግ ነው። በነገራችን ላይ ጄንኪንስ ራሱ የሚሠራበት ጃቫና የእናንተ ፕሮግራም ቢልድ የሚደረግበት ጃቫ አንድ መሆን የለባቸውም። ጄንኪንስ በ17 እየሠራ የእናንተን አሮጌ ፕሮግራም በጃቫ 8 ቢልድ ማድረግ ይችላል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ አፕግሬድ የሚፈራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊትላብ ደግሞ ማረፊያ ጣቢያዎች አሉት። ለምሳሌ ከ16.0 ወደ 17 የሚሄድ ሰው 16.3፣ 16.7 እና 16.11 ላይ መቆም አለበት፤ የተጠቃሚው ብዛትና የተጫነው ነገር ተጨማሪ ማረፊያ ሊጠይቅም ይችላል። በየጣቢያው ዳታቤዙ ቅርጹን ይለውጣል፣ ሥራው ከበስተጀርባ ለሰዓታት ሊቀጥልም ይችላል። እሱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው ሰውን የሚጥለው።

አሁን ስለ አንድ ዝምተኛ አደጋ ልንገራችሁ። አንዳንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ ላይ ያደርጋሉ፤ ሌሎች ሐን ከለ በኋላ፣ በራሱ ቦታ ያስቀምጡታል። በአንደኛው ሥርዓት የተደረደረውን መጽሐፍ በሁለተኛው ሥርዓት ብትፈልጉበት «ሐኪም» የሚለውን ቃል እያለ ታጡታላችሁ። ቃሉ አልጠፋም፤ የምትፈልጉበት ደንብ ነው የተለወጠው። ዳታቤዝም ፈጥኖ ለመፈለግ የተደረደረ ማውጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ግሊብሲ 2.28 የፊደል አደራደር ደንቡን ለውጧል። በኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዴቢያን 9 ወደ 10 ወይም ከሬድ ሃት 7 ወደ 8 ተሻግሮ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ፋይሎች እንዳሉ ያዞረ ሰው፣ ማውጫው በድሮው ደንብ የተደረደረ፣ ፍለጋው በአዲሱ ደንብ የሚሄድ ይሆንበታል። ስሕተት የሚል መልእክት የለም። ያለ ተጠቃሚ «የለም» ይባላል፤ ሁለት ጊዜ መመዝገብ የሌለበት ነገር ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ለውጥ በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማውጫዎቹን እንደገና መገንባት።

አረንጓዴ ከሆነ ተሳክቷል ማለት አይደለም?

አሁን ወደ ደረሰኛችን።

በኮምፒውተር ውስጥ የላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ ማለትም አንድ የማስታወሻ ክፍል፣ ይይዛል። የግዕዝ ፊደል ግን ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ነው። አሮጌው ሰርቨራችን ላይ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የቋንቋ ሴቲንጉን ዩቲኤፍ ኤይት አድርጎት ነበር፤ የትም አልተጻፈም። አዲሱን በኮንቴይነር፣ ማለትም ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ለብቻው በታሸገ ጥቅል፣ ስንሠራው ያ ሴቲንግ ባዶ ሆነ። የምንጠቀምበት ጃቫ ሴቲንጉ ባዶ ሲሆን ጽሑፉን ሁሉ እንደ እንግሊዝኛ ብቻ ያነባል። የደረሰኙን ቅጽ ባይት በባይት አነበበው፣ የማያውቀውን እያንዳንዱን ባይት በጥያቄ ምልክት ተካው። አራት ፊደል በሦስት ባይት፣ 12 የጥያቄ ምልክት።

ቢልዱ ግን አልወደቀም። ማቨን ውጤቱ በማሽኑ ሴቲንግ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ከሺህ መስመር መካከል ማን ያየዋል? ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦ በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ የጽሑፉ ዓይነት ዩቲኤፍ ኤይት መሆኑን ማወጅ፣ በኮንቴይነሩ ላይም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ከወጣው ጃቫ 18 ጀምሮ ዩቲኤፍ ኤይት ሳይነገረው የሚይዘው ልማድ ሆኗል። 8፣ 11 እና 17 ላይ ያላችሁ ግን ራሳችሁ መንገር አለባችሁ። የምትሠሩት ነገር አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ጽሑፍ ካለው፣ አንድ የአማርኛ ቃል ከመጨረሻው ፕሮግራም ውስጥ አውጥቶ እንዳለ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ፈተና ጨምሩ። እኛ ከዚያን ቀን በኋላ የጨመርነው ፈተና የሚፈልገው ቃል «ደረሰኝ» ነው።

አረንጓዴው የሚለው «ያዘዛችሁኝን ሠርቻለሁ» ብቻ ነው። ትክክለኛው ማረጋገጫ አንዱን ኮድ በአሮጌውና በአዲሱ ሰርቨር ቢልድ አድርጎ ውጤቶቹን ማወዳደር ነው። የፋይሎቹ ብዛት እኩል ነው? መጠናቸው ተቀራራቢ ነው? ውስጣቸው የገቡት ላይብረሪዎች ያው ናቸው? ሰዓትና የአቃፊ ስም ስለሚገባባቸው ሁለቱ ባይት በባይት ላይገጥሙ ይችላሉ፤ የዴቢያን ሰዎች ይህን ልዩነት እንኳ ለማስወገድ ለዓመታት ደክመዋል። ዲፎስኮፕ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ሁለት ጥቅል ፈትቶ የት እንደሚለያዩ መስመር በመስመር ያሳያል። ደረሰኙን ያኔ በእሱ ብናየው ኖሮ ቅዳሜ ማታውኑ ይታይ ነበር።

ባይሳካስ?

መመለሻው የሚወሰነው ከመጀመራችሁ በፊት ነው። «እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሣ ወደ አሮጌው እንመለሳለን» ብሎ መጻፍና የሚወስነውን ሰው በስም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሌሊት ደክሞ «አንድ ነገር ልሞክር» የሚል ሰው ራሱን አያቆምም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ይታወቅ፦ ፕሮግራሙን ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስ ዳታቤዙን አይመልሰውም። አዲሱ ቨርዥን የመረጃውን ቅርጽ ከለወጠ አሮጌው ሊያነበው አይችልም። መመለስ ማለት ከአፕግሬዱ በፊት የተወሰደውን ሙሉ ባክአፕ ማስነሣት ነው፤ በመካከል የገባ ሥራ ይጠፋል። ስለዚህ አፕግሬዱ እየተካሄደ ማንም ኮድ አያስገባ። ዓርብ ማታ፣ የደመወዝ ሰሞን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አይመረጡም። ማክሰኞ ጠዋት ቡድኑ ሁሉ ቢሮ እያለ ማድረግ፣ ቅዳሜ ለብቻ ከማድረግ በብዙ ይሻላል።

አሮጌው ሰርቨር ምን ይደረግ?

ወዲያው አታጥፉት፤ አጥፍቶ መመለስ የለም። ሥራውን አቁሞ፣ ከኔትወርክ ተነቅሎ፣ እንዳለ ለጥቂት ሳምንታት ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ቢልዶች ስላሉ፣ ቢያንስ አንድ የወር መጨረሻ በአዲሱ ላይ ይለፍ።

ከዚያ በኋላ ቁልፎቹ ይቀየራሉ፦ የደንበኞች ሰርቨር መግቢያ፣ የመተግበሪያ ፊርማ ቁልፍ የይለፍ ቃል፣ የመጋዘኑ ቶከን። አሮጌው ማሽን ሁሉንም ያውቃቸው ነበር፣ ባክአፖቹም ያውቋቸዋል። የአንድሮይድ መተግበሪያ መፈረሚያ ፋይሉን ራሱን ግን ከአሮጌው ላይ ከመደምሰሳችሁ በፊት ሌላ ሁለት ቦታ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ዲስኩ የሚደመሰሰው ከዚያ በኋላ ነው።